ዕድሜን በምድብ ከፍሎ መተንተን፦ የትኛው መቁረጫ ነጥብ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ተመራቂ ተማሪ

ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጥናቴን መረጃ በመተንተን ላይ ነኝ። ጥናቱ በአዋቂዎች ላይ የተሠራ ሲሆን፣ ጥገኛው ተለዋዋጭ ተሳታፊው መድኃኒቱን በታዘዘለት መሠረት መውሰድ አለመውሰዱ ነው፤ ስለዚህ መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ ነው። ከነጻ ተለዋዋጮቹ ዋናው ዕድሜ ነው፤ በመጠይቁ ላይ የተመዘገበውም በሙሉ ዓመት ነው። ናሙናው ከ400 ሰው ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን የምጠቀመው እንዲህ ላለ የአዎ ወይም አይደለም ውጤት የሚሠራውን ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ነው።

አማካሪዬ ዕድሜን በምድብ ከፍዬ እንዳቀርብ ነግረውኛል፤ በዘርፋችን ያነበብኳቸው ጽሑፎችም አብዛኞቹ እንዲሁ ያደርጋሉ። የት ላይ እንደሚቆረጥ ግን በግልጽ የሚናገር አላገኘሁም። በሚዲያኑ፣ ማለትም ናሙናውን እኩል በሚያካፍለው ዕድሜ፣ ለሁለት ስከፍለው ፒ-ቫልዩው (ግንኙነት ባይኖር ይህን ያህል ወይም የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የሚታይበት ዕድል) 0.21 ሆነ። በአራት እኩል ምድብ ስከፍለው ደግሞ ሁለተኛው ምድብ ብቻ ከመጀመሪያው ሲለይ ሦስተኛውና አራተኛው አልተለዩም። ሳልከፍለው እንዳለ ሳስገባው 0.09 አገኘሁ። በመጨረሻ «የተሻለውን» መቁረጫ ነጥብ ራሱ ፈልጎ የሚያወጣ ፕሮግራም ስሞክር 43 ዓመት ላይ ቆርጦ 0.03 ሰጠኝ። መረጃው ያው አንድ ሆኖ ሳለ መልሱ በአከፋፈሌ ብቻ እንዲህ መለዋወጡ አሳስቦኛል። ፕሮግራሙ የመረጠውን መውሰድ ተገቢ ነው? ካልሆነስ የትኛውን ልያዝ?

መልስ፦ የስታትስቲክስ መምህር

ከመጨረሻው ልጀምር፤ 43ን አይውሰዱ። 0.03 የሚለው ቁጥር አንድ ፈተና ብቻ የተደረገ ይመስል የተሰላ ነው፤ ፕሮግራሙ ግን በናሙናው ውስጥ ያሉትን ዕድሜዎች አንድ በአንድ እንደ መቁረጫ ሞክሮ፣ ከሁሉም ትንሹን ፒ-ቫልዩ መርጦ፣ የቀሩትን ሳያሳይዎት ነው ያቀረበልዎት። እ.ኤ.አ. በ1994 ዳግላስ አልትማንና ባልደረቦቹ ይህን አሠራር መርምረው፣ በእውነቱ ምንም ግንኙነት በሌለበት እንኳ 5 በመቶ መሆን የሚገባው የስህተት ዕድል ወደ 40 በመቶ ሊደርስ እንደሚችል አሳይተዋል። ለዚሁ ያቀረቡት የማስተካከያ ቀመርም አለ። ፍለጋው ከስርጭቱ ጫፎች በየወገኑ 10 በመቶ ትቶ መካከሉን በሙሉ የሸፈነ ነበር ብለን በቀመሩ ብናሰላ፣ የእርስዎ 0.03 ወደ 0.35 ገደማ ይለወጣል። ተስፋ የሰጠዎት ቁጥር ከሚዲያኑ 0.21 ይልቅ የደከመ ማስረጃ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ኦድስ ሬሾውም፣ ማለትም የግንኙነቱን ጥንካሬ የሚለካው ቁጥር፣ ከእውነተኛው የገዘፈ ይሆናል፤ ምክንያቱም ነጥቡ የተመረጠው ልዩነቱ በአጋጣሚ ጎልቶ በታየበት ቦታ ነው። ከናሙናዎ ሰዎችን እየመለሱ በዕጣ በመምረጥ ፍለጋውን ሃምሳ ጊዜ ያህል ቢደግሙት 43 ቦታው ላይ ይጸናል ወይስ ወዲያና ወዲህ ይሸሻል የሚለውን በዓይንዎ ያዩታል፤ እኔ ተማሪዎቼን ከማስረዳት ይልቅ ይህን እንዲሠሩ አደርጋለሁ።

አሁን ወደ ሥሩ እንሂድ። ዕድሜን ለሁለት ስንከፍል ምን እያልን እንደሆነ በቃላት ብንጽፈው ማንም አይፈርምበትም። የ42 ዓመት ሰውና የ44 ዓመት ሰው ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው፤ የ44 ዓመት ሰውና የ75 ዓመት ሰው ግን አንድ ናቸው፤ ለውጡም በአንድ የልደት ቀን በድንገት ይመጣል እያልን ነው። እንዲህ ዓይነት ደረጃ በሥጋና በደም ጉዳይ እምብዛም አይገኝም። መድኃኒት በአግባቡ የመውሰድ ልማድ ከዕድሜ ጋር የሚለዋወጥ ከሆነ የሚለዋወጠው ቀስ በቀስ ነው።

የሚጠፋውን የመረጃ መጠን በቁጥር ማወቅም ይቻላል። ስርጭቱ ኖርማል (የደወል ቅርጽ ያለው)፣ ግንኙነቱም ቀጥተኛ ነው ብንል፣ በሚዲያን ለሁለት የተከፈለ ተለዋዋጭ የሚይዘው ከመጀመሪያው መረጃ 64 በመቶ ያህሉን ነው። ሦስት እኩል ምድቦች 79 በመቶ፣ አራት 86 በመቶ፣ አምስት ደግሞ 90 በመቶ ገደማ ይይዛሉ። ይህ ወደ እርስዎ ናሙና ሲመለስ፣ በሚዲያን መክፈል ከ400 ተሳታፊዎች ውስጥ 145 ያህሉን መጠይቅ ቀዶ እንደመጣል ነው። እነዚያን መጠይቆች ለመሙላት የደከመ ሰው ይህን ሲሰማ ደስ አይለውም። በተዛምዶ ቋንቋ ሲነገርም ያው ነው፤ 0.50 የነበረ ተዛምዶ አንዱ ወገን በሚዲያን ሲከፈል 0.40 ይሆናል።

ሚዲያንና ኳርታይል (በአራት እኩል ምድብ መክፈል) ሌላም ጣጣ አለባቸው። የሚወሰኑት በናሙናው ስለሆነ፣ የእርስዎ «ከፍተኛ ዕድሜ» ወጣቶች በበዙበት ሌላ ጥናት ውስጥ ካለው «ከፍተኛ ዕድሜ» ጋር ስሙ እንጂ ትርጉሙ አይገጥምም። ሁለቱን ጥናቶች በኋላ አንድ ላይ ለማየት የሚሞክር ሰው ውጤታቸውን ማነጻጸር አይችልም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ዕድሜን ሳይከፍሉ ያስገቡት፤ ነገር ግን ቀጥተኛ መስመር ብቻ እንዲሆን አያስገድዱት። የኳርታይሉ ውጤት፣ ማለትም ሁለተኛው ብቻ መለየቱ፣ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ መስመሩ ጎባጣ መሆኑን የሚጠቁም ምልክትም ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት ሪስትሪክትድ ኪዩቢክ ስፕላይን የተባለውን ይጠቀሙ። ነገሩ በጥቂት ኖቶች፣ ማለትም መጋጠሚያ ነጥቦች፣ ላይ የተያያዘ ለስላሳ ኩርባ ሲሆን፣ መረጃ በሚሳሳባቸው ሁለት ጫፎች ላይ እንዳይንቀዠቀዥ ቀጥ እንዲል ተደርጓል። ለናሙናዎ ሦስት ኖት ይበቃል፤ የተለመደው ቦታቸውም በ10ኛው፣ በ50ኛውና በ90ኛው ፐርሰንታይል ላይ፣ ማለትም ከናሙናው 10፣ 50 እና 90 በመቶው ከሥራቸው በሚገኙባቸው ዕድሜዎች ላይ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ፦ ሦስት ኖት ያለው ስፕላይን የሚፈጀው ሁለት ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም፣ ማለትም ከመረጃው የሚገመቱ ሁለት ቁጥሮች፣ ነው፤ ዕድሜን በሦስት ምድብ ቢከፍሉትም የሚፈጀው ያንኑ ሁለት ነው። በአንድ ዋጋ ደረጃ ወይም ኩርባ መግዛት ይችላሉ። ደረጃውን የሚመርጥበት ምክንያት ያለው ሰው ቢኖር ብሰማ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ሐኪም

ከላይ የተጻፈውን በአብዛኛው እቀበላለሁ። ነገር ግን ምድብን ሁሉ እንደ ስህተት ማየት ከሥራው ቦታ የራቀ ይመስለኛል። እኔ በፊቴ ለተቀመጠ ሕሙም ኩርባ አላዝለትም፤ መድኃኒት እሰጠዋለሁ ወይም አልሰጠውም። በጾም የተለካ የደም ስኳር በዴሲሊትር 126 ሚሊግራም ሲደርስ ስኳር በሽታ እንላለን፤ ቢኤምአይ የሚባለው የክብደትና የቁመት ንጽጽር 18.5፣ 25 እና 30 ላይ ተከፍሎ በዓለም ጤና ድርጅት የታወቀ ነው። ከእነዚህ ጋር የሚገጥም ሠንጠረዥ የሌለው ጽሑፍ ለሙያ ባልደረቦቼ ባዶ ነው። ደግሞም እነዚህ ነጥቦች ከእርስዎ ናሙና የተወለዱ አይደሉም፤ ከጥናቱ በፊት የነበሩ ስለሆኑ በፒ-ቫልዩ ለማታለል አያመቹም።

መልስ፦ የስታትስቲክስ መምህር

የመጨረሻው ነጥብዎ ትክክል ነው፤ ልዩነቱንም በደንብ አስቀምጠውታል። ከመረጃው ውጭ የመጣ፣ ውጤቱ ሳይታይ የተወሰነ መቁረጫ ነጥብ ከመረጃው ከተፈለገ ነጥብ ጋር በአንድ ዓይን አይታይም። ቢኤምአይን በ25 እና በ30 ለይቶ ተሳታፊዎቹን በሚገልጸው የመጀመሪያ ሠንጠረዥ ላይ ማቅረብን አልቃወምም፤ እንዲያውም አንባቢ ናሙናውን ያውቀዋል። ጥንቃቄው ሠንጠረዡ ወደ ሞዴሉ እንዳይገባ ነው።

ሆኖም ነጥቦቹ ከሰማይ የወረዱ አለመሆናቸውን እርስዎም ያውቃሉ። የደም ግፊት ለረጅም ጊዜ 140/90 ላይ ሲቆረጥ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበራት መመሪያ ወደ 130/80 አወረደው፤ ሌሎች ደግሞ በነበረበት ቀጠሉ። ለቢኤምአይም የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ለእስያ ሕዝቦች 23 እና 27.5 ተጨማሪ የእርምጃ ነጥቦች እንዲሆኑ ሐሳብ አቅርበዋል። በመጠይቁ ላይ «ከ140 በላይ» እና «ከ140 በታች» ብሎ ብቻ የመዘገበ ተመራማሪ መመሪያው ሲለወጥ መረጃውን ዳግም የሚከፍልበት መንገድ የለውም፤ ቁጥሩን የመዘገበው ግን በአንድ ትእዛዝ ይጨርሰዋል። ለዚህ ነው መክፈል ካስፈለገ በትንተናው መጨረሻ እንጂ በምዝገባው ላይ እንዳይደረግ የምንጨቀጭቀው።

ስለ ውሳኔው ደግሞ፣ ሕክምና አዎ ወይም አይደለም መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የሚቆረጠው ዕድሜው ወይም ግፊቱ ብቻውን ከሚሆን ይልቅ፣ ሁሉም ቁጥሮች ሳይከፈሉ ተደምረው የሚሰጡት የአደጋ ግምት ቢሆን ይሻላል። ግፊቱ 138 የሆነ አጫሽ ሽማግሌና ግፊቱ 141 የሆነ ጤነኛ ወጣት በግፊት ብቻ ሲከፈሉ መድኃኒቱ ለማን እንደሚደርስ ያስቡት።

መልስ፦ መረጃ ሰብሳቢ

የሞዴሉን ነገር ለባለሙያዎቹ ትቼ፣ በየቤቱ እየዞርኩ ዕድሜ ስጠይቅ የኖርኩ ሰው እንደመሆኔ ከምንጩ በኩል ያለውን ልጨምር። ሰዎች ዕድሜያቸውን በትክክል ካላወቁ በ0 ወይም በ5 የሚያበቃ ቁጥር ይነግሩዎታል። የመረጃዎን ዕድሜ በየአንዳንዱ ዓመት በሂስቶግራም ቢያወጡት 30፣ 35፣ 40፣ 45 ላይ እንደ ምሰሶ የቆሙ ቁጥሮች ያዩ ይሆናል። የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች ይህን የሚለኩበት የዊፕል መለኪያ የሚባል አለ፤ ከ23 እስከ 62 ዓመት ያሉትን ወስዶ በ0 እና በ5 ያበቁት ከሚጠበቀው ስንት እጥፍ እንደሆኑ ያሰላል። 100 ከሆነ መከማቸት የለም፤ 500 ከሆነ ሁሉም ሰው የተናገረው በ0 ወይም በ5 የሚያበቃ ዕድሜ ነው።

ይህ ከምድብ ጋር የሚገናኘው እንዲህ ነው። ብዙ ሰው ምድቡን «30–39፣ 40–49» ብሎ ይከፍላል። 40 ያለው ሰው ግን እውነተኛ ዕድሜው 38 ወይም 39 ሊሆን ይችላል፤ 42ም ሊሆን ይችላል። መቁረጫው ልክ ከምሰሶው ሥር ስለዋለ፣ ከታች ያሉት ወደ ላይኛው ምድብ ተጠራርገው ይገባሉ። መክፈል ግድ ከሆነ ምሰሶው በምድቡ መካከል እንዲውል፣ ለምሳሌ «33–37፣ 38–42» ተብሎ ቢከፈል ጉዳቱ ይቀንሳል፤ ዓይን ባይለምደውም።

ሁለት ትንንሽ ነገሮችም አሉ። «20–30፣ 30–40» ተብሎ የተጻፈ ምድብ ሠላሳ የሞላውን ሰው የት እንደሚያስገባ አይናገርም፤ «25–29.9» የሚለው ደግሞ ቢኤምአዩ 29.95 የሆነውን ሰው ውጭ ያሳድረዋል። ምድቡ የሚያካትተውን ጫፍ «ከ25 ጀምሮ ከ30 በታች» ብሎ በቃል መጻፍ ይሻላል። ሁለተኛው፣ ዕድሜ በሞላ ዓመት ሲመዘገብ 39 ዓመት ከ11 ወር የሆነው ሰው 39 ተብሎ ስለሚጻፍ፣ «30–39» የሚለው ምድብ በእውነቱ ከ30 እስከ 40 ይዘረጋል፤ መካከሉም 34.5 ሳይሆን 35 ነው። ከምድብ ተነስተው አማካይ ዕድሜ ሲያሰሉ ይህችን ግማሽ ዓመት የሚስቱ ብዙ ናቸው።

ጠያቂው፦ ተመራቂ ተማሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሂስቶግራሙን አውጥቼ አየሁት፤ 40 እና 45 ላይ ምሰሶዎቹ በግልጽ አሉ። ፕሮግራሙ 43ን የመረጠው በሁለቱ መካከል ክፍት ቦታ ስላገኘ ይሆን እንዴ ብዬም ጠረጠርኩ።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ አማካሪዬ ምድብ የሚወዱት ሠንጠረዡ ስለሚነበብ ነው፤ ዕድሜን ሳልከፍል ሳስገባ የመጣው ኦድስ ሬሾ 1.03 ስለሆነ «ይህ ምንም ማለት አይደለም» አሉኝ። ስፕላይኑ ደግሞ ከዚህም ይልቅ አይነበብም። ሁለተኛ፣ ቢኤምአይን የምፈልገው ለማስተካከያ፣ ማለትም የእሱ ተጽዕኖ ከዕድሜ ተጽዕኖ ጋር እንዳይቀላቀል፣ ብቻ ነው፤ ዋናው ጥያቄዬ ስላልሆነ በሁለት ምድብ ብተወው ይጎዳል? ሦስተኛ፣ የ43ቱን ውጤት አንዴ ካየሁ በኋላ እንዳላየሁ መሆን ይቻላል?

መልስ፦ የስታትስቲክስ መምህር

1.03 ትንሽ የመሰለው በአንድ ዓመት ስለተለካ ብቻ ነው። ዕድሜን በ10 አካፍለው ያስገቡት፤ ሞዴሉ ያው ሆኖ ኦድስ ሬሾው 1.03 በራሱ አሥር ጊዜ ተባዝቶ 1.34 ይሆናል፣ ትርጉሙም «ለእያንዳንዱ አሥር ዓመት» ነው። ፒ-ቫልዩው በአንዲት ነጥብ እንኳ አይነቃነቅም። አማካሪዎ ያዩት የልኬት ጉዳይ እንጂ የውጤት ጉዳይ አልነበረም።

ስፕላይኑን በተመለከተ፣ የራሱ ኮኤፊሸንቶች በሠንጠረዥ ላይ አይነበቡም፤ እንዲነበቡም አይጠበቅም። የሚቀርበው ሥዕሉ ነው፤ ለሠንጠረዡ ደግሞ የ30 ዓመት ሰው ከ45 ዓመት ሰው፣ የ60 ዓመት ሰውም ከ45 ዓመት ሰው ጋር ሲነጻጸር ኦድስ ሬሾው ስንት እንደሆነ ከነመተማመኛ ክልሉ (ግምቱ ሊዋዥቅ ከሚችልበት ወሰን ጋር) አስልተው ሁለት መስመር ያስገቡ። አማካሪዎ የለመዱትን ዓይነት ሠንጠረዥ ያገኛሉ፤ ከሥሩ ያለው ግን ያልተቆረጠ ዕድሜ ነው። በአር ፕሮግራም ላይ አርኤምኤስ የተባለው ጥቅል፣ በስታታ ደግሞ ኤምኬስፕላይን የተባለው ትእዛዝ ይህን ይሠሩታል። ዕድሜ በጠቅላላው ፋይዳ እንዳለው የሚነግርዎት የሁለቱም የስፕላይን ክፍሎች የጋራ ፈተና ነው፤ አንዱን ለብቻው እያዩ «ይህ ተለየ፣ ይህ አልተለየም» አይበሉ።

በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ብዙ ሰው ይዘናጋል፤ ማስተካከያ ስለሆነ ቢቆረጥም ግድ የለም ይላል። የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ቢኤምአይን ለሁለት ከከፈሉት ሞዴሉ የሚያስተካክለው በሁለቱ ምድቦች መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው፤ በየምድቡ ውስጥ የቀረው ልዩነት ሳይስተካከል ይቆይና በዕድሜ ስም ይቆጠራል። ዊልያም ኮክራን እ.ኤ.አ. በ1968 ይህን አስልቶ፣ አምስት ምድቦች ከአደናጋሪው ተለዋዋጭ (እዚህ እንደ ቢኤምአይ ካለው) የሚመጣውን መዛባት 90 በመቶ ያህል እንደሚያስወግዱ አሳይቷል፤ በሁለት ምድብ ሲሆን የሚወገደው 64 በመቶ ገደማ ነው፣ ማለትም ሲሶ የሚያህለው መዛባት በውስጡ ይቀራል። የናሙናው ትልቅ መሆን ይህን አያድነውም፤ እንዲያውም የተሳሳተውን መልስ በበለጠ እርግጠኝነት ይሰጥዎታል። ስለዚህ ቢኤምአይንም ሳይቆርጡ ያስገቡ።

ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ ያዩትን ማንም ከአእምሮዎ አያወጣልዎትም። ማድረግ የሚችሉት መጻፍ ነው። በዘዴ ክፍሉ ላይ የትኞቹን አከፋፈሎች እንደሞከሩ፣ የመረጡትን ትንተና ለምን እንደመረጡ፣ ይህም ከውጤቱ በኋላ የተደረገ መሆኑን በሁለት ዓረፍተ ነገር ያስፍሩ። ስለ 43 የገመቱት ግን ብልህ ግምት ነው፤ ፍለጋ የሚያርፈው መረጃው ባለበት ሳይሆን መረጃው በሚሰነጠቅበት ቦታ ሊሆን ይችላል።

ጠያቂው፦ ተመራቂ ተማሪ

በተባለው መሠረት በሦስት ኖት ሠራሁት። ኩርባው እስከ 45 ገደማ ከፍ እያለ ሄዶ ከዚያ በኋላ ተኛ፤ የጋራ ፈተናው ግን ከ0.05 በታች አልሆነም። እንዲሁ አድርጌ አቀርበዋለሁ፤ አማካሪዬም ባለሁለት መስመሩን ሠንጠረዥ ሲያዩ ተስማምተዋል። በሥዕሉ ላይ አንድ ነገር ግራ ገባኝ፦ የመተማመኛው ክልል በሁለቱ ጫፎች ሰፊ ሆኖ ሳለ 45 ላይ ሲደርስ ጭራሽ ይጠፋል። ስህተት ሠርቼ ይሆን?

መልስ፦ የስታትስቲክስ መምህር

አልተሳሳቱም። ማነጻጸሪያ ያደረጉት 45ን ነው፤ 45 ከራሱ ጋር ሲነጻጸር ኦድስ ሬሾው በትርጓሜ 1 ስለሆነ የሚገመት ነገር የለም፣ ክልሉም ይዘጋል። ማነጻጸሪያውን ወደ 30 ቢያዞሩት የኩርባው ቅርጽ ሳይለወጥ ጠባቡ ቦታ ወደ 30 ይሄዳል። አንባቢ ይህን ባለማወቅ «በ45 ዓመት ላይ እርግጠኞች ናቸው» ብሎ እንዳይረዳው ከሥዕሉ ግርጌ «ማነጻጸሪያው 45 ዓመት ነው» ብለው ይጻፉ። ወይም ከኦድስ ሬሾው ይልቅ በየዕድሜው የተገመተውን ዕድል ራሱን ይሳሉ፤ ያን ጊዜ ክልሉ የትም ቦታ አይዘጋም፤ ሥዕሉም ሞዴሉ በየዕድሜው ላይ ያለውን የእርግጠኝነት መጠን በቀጥታ ያሳያል። በታችኛው መስመር ላይ የእያንዳንዱን ተሳታፊ ዕድሜ በትንንሽ ጭረት ቢያስቀምጡ፣ 40 እና 45 ላይ ያሉት ምሰሶዎችም አብረው ይታያሉ።